ያደረ መርዶ

ንግስት ሻንጣዋን ከክፍሏ እየጎተተች አውጥታ ብሎኬቱ አጠገብ ስታቆመው በንቲ የውሃውን ጎማ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

“ጋሽ በንቲ፣ እግርህን እኮ ነው የምታጠጣው!” አለችው እየሳቀች።

ዝቅ ብሎ አየ። እውነትም ጫማው ውሃ ሞልቷል። ጎማውን ወደ ተደረደረው ብሎኬት መለሰ። ትናንት ዓርብ የወጣ ብሎኬት ነው። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ካልጠጣ ጠርዙ እየተሸረፈ ይረግፋል፤ የሚገዛው አይገኝም።

“የት ልትሄጂ ነው?”

“ማታ ለአንተና ለእናትህ ለአዴ ኦብሴ አንድ ላይ ልነግራችሁ ነበር፤ አላስቻለኝም። ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከመካኒሳ አቦ የሚነሳ ሚኒባስ አለ። እስከ ወልድያ ይወስደኛል። ከዚያ በሌላ መኪና መቀሌ፣ ከመቀሌ ደግሞ ዛላምበሳ።”

“ዛላምበሳ ምን አለሽ?”

“ድንበሩ ላይ ሰው መገናኘት ጀምሯል ይላሉ። ከወዲህ ያለው ከወዲያ ያለውን በሰው ያስጠራል፤ መሃል ላይ ቆመው ይሳሳማሉ። እናቴ ያለችው ሰንዓፈ ነው፣ ከመስመሩ ቅርብ ነው። መልእክት እሰድላታለሁ። መራመድ ቢያቅታት በበቅሎ ያመጧታል።”

“ባትመጣስ?”

ንግስት ሻርፗን አስተካከለች። ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያዘጋጀችው ዛሬ አልነበረም።

“እሻገራለሁ።”

“አብደሻል? ከውትድርና ጠፍተሽ የወጣሽ ሰው! መስመሩን ገና ስትረግጪ ነው ለቅመው የሚከቱሽ።”

“ይክተቱኝ። እናቴ ናት እኮ፣ ጋሽ በንቲ። ድምጿን ከሰማሁ ወር አለፈኝ። ጅዳ ያለው የአጎቴ ልጅ ስልክ አያነሳም። እህቴ ስደውል ‘ስብሰባ ላይ ነኝ’ ትለኛለች። እሷ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት! አንሶላ አጣቢ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምን ስብሰባ ነው?”

“መስመሩ ነው” አለ በንቲ። ዓይኑ ብሎኬቱ ላይ ነበር። “ነግሬሻለሁ። ሁለቱ አገሮች ዳግም ተኳርፈዋል። በረራው ቆመ፤ ስልኩም እንደዚያው ነው።”

“ጅዳ ግን ድንበር ላይ አይደለችም።”

መልሱን ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ ሻንጣውን ከፈተች። ከላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ አዲስ ጋቢ ነበር፤ ጥለቱ ቡና ዓይነት። ከጋቢው ሥር የመድኃኒት እሽጎች አሉ።

“ይሄ የግፊቷ ነው፣ የሦስት ወር። ጋቢውን ከመርካቶ ነው የገዛሁት። እንካ ንካው እስቲ፤ አይወፍርም? ሰንዓፈ ብርድ ነው፤ አታውቀውም አንተ።”

በእርጥብ ጣቱ ጫፉን ነካ አደረገው። “ጥሩ ነው” አለ።

“ልጄን ያኤልን ላንተና ለአዴ ኦብሴ ትቼ ነው የምሄደው። ወተት አትወድም። ፀጉሯን ካልነካኳት እንቅልፍ አይወስዳትም። ቢበዛ አሥር ቀን ነው።” ከዚያ ቀና ብላ አየችው። “አደራ፣ ጋሽ በንቲ። እዚህ አገር ካንተ ሌላ ማን አለኝ?”

በንቲ ጎማውን ወደ ሌላው የብሎኬት ረድፍ አዞረ።

“ችግር የለም” አለ።

የንግስት እናት ወይዘሮ ለተመስቀል ከሞቱ ዛሬ ሠላሳ ስድስተኛ ቀናቸው ነበር።

*

ስልኩ የመጣው አንድ ዓርብ ከሰዓት ነው። የማያውቀው የውጭ አገር ቁጥር።

“ጋሽ በንቲ ነህ? እኔ የንግስት የአጎቷ ልጅ ነኝ፣ ከጅዳ። ‘ካጣኸኝ በአከራዬ ስልክ ደውል’ ብላ ቁጥርህን ሰጥታኝ ነበር። አጠገብህ ናት?”

“የለችም፣ ገበያ ሄዳለች።”

“አክስቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች። እኛ ሁላችንም ባሕር ማዶ ነን። መርዶ በስልክ አይነገርም። አንተ የቤቱ ባለቤት ነህ፤ ሰው ሰብስበህ እንደ ወጉ ንገራት። አደራ።”

በንቲ ያን ጊዜ እውነተኛ ምክንያት ነበረው። የንግስት ባል ካናዳ ከገባ አራት ዓመቱ ነው፤ እሷና ልጇ ሊከተሉት የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጥሮላቸዋል። ይህንን ነገረው። ሰውዬው ትንሽ አሰበና፣ “ልክ ነህ፤ ያን ትለፍ። እኛም እስከዚያ ዝም እንላለን። ስትነግራት ደውልልኝ፤ ያኔ ሁላችንም እንደውልላታለን” አለ።

በዚህ የሚወቅሰው ሰው አልነበረም። መርዶ ሰዓት አለው። ለነፍሰ ጡር፣ ለተፈታኝ ተማሪ፣ ለመንገደኛ አይነገርም። ሰውየው ለብቻው ሳለ አይነገርም። ንጋት ላይ፣ የሚደግፉት ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ነው የሚነገረው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ሐሙስ አለፈ። ንግስት ከኤምባሲው እየሳቀች መጣች፤ ለጊቢው ሁሉ ለስላሳ ገዛች። በንቲ ብርጭቆውን ይዞ፣ ‘ነገ ንጋት ላይ’ ብሎ ወሰነ።

በነጋታው ግን ጉተማ መጣ።

ጉተማ በወረዳው የይዞታ ክፍል የሚሠራ የሰፈር ልጅ ነው። የበንቲ አባት ሮበሌ በለቡ ስንዴና ሽምብራ ያርሱበት የነበረው መሬት በየዓመቱ እየተቆረሰ ሄዶ አሁን የቀረው ይህ ጊቢ ብቻ ነው፤ ለእሱም ካርታ የለውም። ፋይሉ አሥራ አንድ ዓመት ተንከራትቷል። ጉተማ ያን ቀን ያመጣው የምሥራች ነበር፤ ፋይሉ ተንቀሳቅሷል፣ ኮሚቴ ለልኬት ይመጣል። ከምሥራቹ ጋር አንድ ቅጽ አብሮ ነበር። ቅጹ ላይ ‘በጊቢው ውስጥ ከባለይዞታው ቤተሰብ በቀር ነዋሪ የለም’ የሚል መስመር ነበር። በንቲ ከጓሮው ሦስት ክፍሎች ሠርቷል፤ በአንዱ ንግስትና ያኤል፣ በሁለቱ ከዚያው ከኤርትራ የመጡ አራት ወጣቶች ይኖራሉ። የአንዳቸውም ውል ወረዳ አልተመዘገበም። ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጊቢው በር ተዘግቶ ዋለ። ተከራዮቹ እንግዳ ከመጣ አንድ በአንድ እንዲገባ ተነገራቸው። መርዶው ደግሞ ቢነገር ድንኳን ይተከላል፤ ሦስት ቀን ለቅሶ ይሆናል፤ ከለቡ፣ ከመካኒሳ፣ ከጎፋ ያለው የአገሯ ሰው ሁሉ ይጎርፋል። እናም ‘በሚቀጥለው ሳምንት’ ተባለ። የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ኮሚቴው አልመጣም፤ ስለዚህ ደግሞ የሚቀጥለው። ከጅዳ “ነገራችኋት?” የሚል መልእክት ይመጣ ነበር። መጀመሪያ “በቅርቡ” ብሎ መለሰ። በኋላ መክፈት ተወ።

“መስመሩ ተበላሽቷል” ያላትም በዚያው ሰሞን ነው። ያስገረመው ማመኗ ነበር። ሁለቱ አገሮች ከተለያዩ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ አንዴ በጥይት፣ አንዴ በመሳሳም፣ አንዴ በዝምታ ኖረዋል። መስመር ተቆረጠ ቢባል የሚጠራጠር የለም። ድንበሩ ለበንቲ ውሸት ዘብ ቆመለት።

ሰንዓፈን አያውቃትም ማለቷ ደግሞ ስህተት ነበር። ያውቃታል። በሃያ ዓመቱ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት፣ ለጦሩ ውሃ የሚያመላልስ መኪና ላይ ነበር። ከትልልቆቹ አለቶች ሥር ሦስት ሳምንት ተኝቷል፤ ብርዱንም ቀምሷል። ንግስት ቤት ልትከራይ የመጣች ቀን “ከሰንዓፈ ነኝ” ስትለው፣ “አላውቀውም” ነበር ያላት። እናቷም አንድ ቀን በስልክ አግኝተውት፣ አንድ አገር ሳለን በተማሩት በዚያ በቀስታ በሚነገር አማርኛ፣ “ልጄን የምትጠብቅልኝ አንተ ነህ? ሰንዓፈን ታውቃታለህ?” ብለውት ነበር።

“በስም ነው፣ እናቴ።”

“በል ድንበሩ ሲከፈት መጥተህ ታያታለህ። ቤቴ ታርፋለህ።”

*

ጉተማን በዚያው ቀን ያገኘው መካኒሳ አቦ፣ መኪናውን እያሳጠበ ነው። በተሰጠው ዱካ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

“ልኬቱ ሰኞ ነው አይደል?” አለ በንቲ።

“ሰኞ ሦስት ሰዓት። አምስት ሰው ነው የሚመጣው። ብሎኬትህን ወደ ጥግ አስጠጋልኝ፤ ሜትር ሲጎትቱ እንዳይሰናከሉ።”

“ለሌላ ሳምንት ማለት አይቻልም?”

ጉተማ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። “አሥራ አንድ ዓመት ለምነህ? ሰውዬ፣ ምን ነካህ?”

“ለቅሶ ሊኖር ይችላል ብዬ ነው።”

“የማን?”

“የዘመድ። የሩቅ ነው።”

“‘ሊኖር ይችላል’ ምን ማለት ነው? ሰውየው ሞቷል ወይስ ቀጠሮ ይዟል?”

መኪናውን የሚያጥቡት ልጆች ሳቁ። በንቲ ግን አልሳቀም፤ ጉተማም ይህን አየና ከዱካው ተነሥቶ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደው።

“ከጓሮው ቤት ነው እንዴ?”

በንቲ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ።

“ስማኝ። የነሱ ለቅሶ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። አገራቸው መግባት ስለማይችሉ የአንዱ እናት ስትሞት ሁሉም የራሱን እናት ነው የሚያለቅሰው። መንገዱ ይሞላል። ኮሚቴው ደግሞ ‘ከቤተሰብ በቀር ነዋሪ የለም’ የሚለውን ወረቀትህን ይዞ ነው የሚመጣው። ማክሰኞ ንገራት። ሙት አይቸኩል።”

‘ሙት አይቸኩል’ — ይህንኑ በንቲ ለራሱ አንድ ወር ሙሉ ሲለው ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን ጆሮው ጋለ።

“ነገ እሷ ራሷ መንገድ ልትሄድ ነው” አለ፣ ለምን እንደነገረው ሳያውቅ።

“አየህ! እግዜር ሲወድህ እኮ ነው!” ጉተማ ትከሻውን መታ አደረገው። “በል ሻንጣዋን ተሸክመህ ሸኛት።”

ታክሲ ውስጥ፣ በመስኮቱ ጥግ ተቀምጦ፣ በንቲን ያ ‘እግዜር ሲወድህ’ የሚል ቃል አልለቅ አለው። ንግስት ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ እሱ መጀመሪያ የተሰማው ምን ነበር? ድንጋጤ ነው ብሎ ነበር። አልነበረም። ‘ነገ ከሄደች ሰኞ ጊቢው ንጹሕ ነው’ የሚል ነበር። ድንጋጤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሞተች እናቷን ፍለጋ ወደ እስር ቤት ልትሄድ የተነሣችን ሴት አይቶ፣ ለአንድ አፍታ፣ እፎይ ብሎ ነበር።

“ለቡ ነህ አይደል፣ ፋዘር?” አለው ረዳቱ።

“ወራጅ” አለ በንቲ። ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረው ነበር። ቀሪውን በእግሩ ሄደ።

*

ቤት ሲገባ እናቱ አዴ ኦብሴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የያኤልን ፀጉር ይነካካሉ።

“እየተለማመድኩ ነው” አሉት። “እናቷ በግራ በኩል ነው ትላለች፤ ይቺ ደግሞ በቀኝ ነው ትለኛለች።”

“ጋሼ” አለች ያኤል፣ “እማዬ አያቴን ይዛት ልትመጣ ነው እኮ! የት ነው የምትተኛው?”

“ከኔ ጋር ነዋ” አሉ አዴ ኦብሴ። “እኔ በግድግዳው በኩል፣ እሷ በዚህ በኩል።”

በንቲ ፊቱን ወደ ብሎኬቱ አዞረ። አሮጊቷ ልጃቸውን አርባ ስድስት ዓመት ያውቁታል። ያኤልን ‘ሂጂ እስቲ ከእናትሽ ጨው አምጪልኝ’ ብለው ላኳትና፣ “ምን ሠራህ?” አሉት በኦሮምኛ። ‘ምን ሆንክ’ አላሉም።

ነገራቸው። ከጅዳው ስልክ ጀምሮ እስከ ጉተማ ድረስ፣ ቅጹን ጨምሮ። ታክሲ ውስጥ ያሰበውን ብቻ ነው ያስቀረው።

አዴ ኦብሴ ነጠላቸውን ሰብስበው ያዙ። ከቤቱ ማዶ አዲሱ ፎቅ ላይ ብረት የሚቆርጥ ሰው ይሰማል።

“ለአባትህ ያመጣኸውን ኮት ምን አደረግኸው?” አሉ በመጨረሻ።

ይህን ጥያቄ ሃያ አምስት ዓመት ጠይቀውት አያውቁም። ሮበሌ የሞቱት በንቲ ግንባር ሳለ ነው። አጎቱ ግን አምስት ወር ሙሉ ‘አባትህ ደኅና ነው፣ ሰላም ይልሃል’ እያለ ይጽፍለት ነበር። ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ከመቀሌ ገበያ ኮት ገዝቶ ነበር። ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ወደ ጊቢው ሲገባ እናቱን ጥቁር ለብሰው አያቸው።

“አቃጠልኩት” አለ።

“አጎትህንስ?”

“ሁለት ዓመት አላናገርኩትም።”

“‘ጦር ሜዳ ነበር፣ ልቡ እንዳይከፈል ብዬ ነው’ ሲልህ አልሰማኸውም። ትልቅ ሰው እግርህ ላይ ወድቆ ነበር።” አዴ ኦብሴ ከበረንዳው ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉ፤ ደግፎ አስነሣቸው። “የሱ ምክንያት ካንተ ምክንያት ይሻል ነበር።”

“ካርታውስ፣ አዴ? ሰኞ ኮሚቴው ድንኳን ካየ አለቀ እኮ።”

“ካርታው ይቅር አልልህም። አባትህ በዚህ መሬት ነገር ነው ተቃጥሎ የሞተው። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የምታደርገውን አንተ እወቅ።” ደጃፉ ላይ ዘወር አሉ። “እኔ ግን ያቺ ልጅ ጋቢ ይዛ ስትወጣ ቆሜ አልሸኝም።”

*

የእድሩ ሰብሳቢ ወጋየሁ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በንቲን በራቸው ላይ ሲያዩት መነጽራቸውን አወለቁ።

“በቤቴ ለቅሶ አለ፣ ጋሽ ወጋየሁ። ነገ ንጋት ላይ መርዶ መንገር አለብን። ድንኳኑና አግዳሚዎቹ ያስፈልጉኛል።”

“ነፍስ ይማር። ማን ነው?”

“የተከራዬ እናት።”

“የምን ተከራይ? አንተ ተከራይ የለኝም አላልክም እንዴ? ባለፈው ስብሰባ ላይ ሳትጠየቅ ተነሥተህ ነው የተናገርከው!”

“ዋሽቼ ነው።”

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ሰበሰቡት። “እሷ አባል አይደለችም።”

“እኔ አባል ነኝ። ደንቡ ‘በአባሉ ጣሪያ ሥር ለሚኖር’ ነው የሚለው። እርስዎ ነዎት የጻፉት።”

“ጣሪያው ያንተ መሆኑ ግን ገና መች ተረጋገጠ? ሰኞ አይደል የሚለኩልህ?” አሉና ፊቱን ሲያዩ ቀልዱን ተጸጸቱበት። “ግባ፣ ተቀመጥ። መቼ ነው ያረፉት?”

በንቲ ሳይቀመጥ ነገራቸው። ወጋየሁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

“ሠላሳ ስድስት ቀን” አሉ። “አርባቸው ሊወጣ እኮ ነው፣ በንቲ። … በል፣ ትናንት ማታ ተሰማ እንላለን። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ዝም በል። መርዶ ሲነገር ሁልጊዜ ‘አሁን ነው የተሰማው’ ነው የሚባለው። በዚያ ሰዓት ቀን የሚቆጥር የለም።”

አመስግኖ ወጣ። የቀሩት የአገሯ ሰዎች ነበሩ፤ ያለ እነሱ መርዶው መርዶ አይሆንም። ጊቢው ሲደርስ የወጣቶቹን ክፍል አንኳኳ፤ ታላቁ ልጅ ካልሲውን እያጠበ ነበር። በንቲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ነገ ንጋት ላይ ንግስትን የምንነግራት ነገር አለ” ብሎ ጀመረ።

“እናውቃለን፣ ጋሼ” አለ ልጁ። “ከሰማን ሁለት ሳምንት ሆነን።”

“ለምን ታዲያ ዝም አላችሁ?”

ልጁ ካልሲውን ጨመቀ። “ቤቱ ያንተ ነው። አንተን ነበር የምንጠብቀው።”

*

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰማዩ ገና ሲገለጥ፣ ከእድሩ ስድስት ሴቶች፣ ከመካኒሳ የመጡ አራት የአገሯ ሴቶች፣ ወጣቶቹ፣ ወጋየሁና አዴ ኦብሴ በጓሮው ቆሙ። የእግር ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ያኤልን አዴ ኦብሴ ማታ ወደ ቤታቸው ወስደው አስተኝተዋታል።

በንቲ አንኳኳ።

“መጣሁ፣ መጣሁ! የታክሲው ሹፌር ነው?” ንግስት በሩን ከፈተች። የመንገድ ጫማ አድርጋለች። ጋቢውን ሻንጣው ውስጥ መልሳ ለማስገባት ይሆናል፣ ክንዷ ሥር ይዛዋለች።

መጀመሪያ እሱን አየችው። ከዚያ ከኋላው የቆሙትን። ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መልበሳቸውን አየች።

“ሚኒባሱ …” አለች። ቀጥሎ በቀስታ፣ ማንም እንዳይሰማት የፈለገች ይመስል፣ እናቷን በቋንቋዋ “አደይ?” ብላ ጠራች።

ሴቶቹ ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ፤ ጩኸቷ ሲወጣ የለቡ ውሾች ሁሉ አብረው ጮኹ። ወጣቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ከመካከላቸው እናቱን ካየ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ነበረ።

ሲቆይ፣ ድምፅዋ ሲደክም፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ጋቢውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ “መቼ ነው?” አለች።

“ትናንት ማታ ነው የተሰማው፣ ልጄ” አሉ ወጋየሁ፣ እንደተባባሉት። “ነፍስ ይማር።”

“ትናንት …” ጋቢውን ዳሰሰችው። “እኔ ደግሞ ስዘገይ፣ ስዘገይ … ያለፈው ሳምንት ብሄድ ኖሮ እደርስባት ነበር።”

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ወጋየሁ በዓይናቸው ‘ዝም በል’ አሉት። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አንሥተዋል። በንቲ ግን ያን ቃሏን ሰማው፤ ‘ያለፈው ሳምንት ብሄድ ኖሮ።’ ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ይዛ ልትዞር ነው፤ ካናዳም ብትገባ ይዛው ልትገባ ነው።

“አይደለም” አለ። “አትደርሺም ነበር። ዛሬ ሠላሳ ሰባት ቀናቸው ነው። ለኔ ነው የተደወለው፣ የዚያኑ ዕለት። አንቺ አልዘገየሽም። እኔ ነኝ የደበቅሁሽ።”

ንግስት ቀና ብላ አየችው።

“የኤምባሲው ቀጠሮ ስለነበረ?”

የማምለጫ በር ከፍታ ሰጠችው፤ አልገባበትም።

“እስከዚያ ድረስ ለሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመሬቴ ነው። ሰው እንዳይበዛ ብዬ።”

“መስመሩስ?”

“መስመሩ ደኅና ነበር።”

አልሰደበችውም። ጀርባዋን ሰጥታው ከመካኒሳ በመጣችው ሴት ትከሻ ላይ ግንባሯን አሳረፈች፤ ልቅሶውም እንደገና፣ አሁን ቀስ ባለ ድምፅ፣ በቋንቋቸው ተጀመረ። አዴ ኦብሴ በንቲን አልፈውት ሄደው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው በር ላይ ደርሰዋል። ከመንገዱ ማዶ ሰዎች መቆም ጀምረዋል፤ የታክሲ ረዳት “ለቡ ለቡ!” ሲል ይሰማል። ወጋየሁ ወደ በንቲ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ “በሩን ገርበብ እናድርገው” አሉት። “ሰው እየተሹለከለከ ይገባል፤ ከመንገድም ያን ያህል አይታይም። ሰኞም ቢሆን እንዲሁ … ገባህ?”

ገብቶታል። ወደ በሩ ሄደ። አንዱን መዝጊያ እስከ ግንቡ ድረስ ገፋው። ሁለተኛው ወር ሙሉ ስላልተከፈተ መሬት ይዞት ነበር፤ በትከሻው ገፍቶ ወሰደው። ነፋሱ እንዳይመልሰው የሚያስደግፍበት ፈልጎ ወደ ብሎኬቱ ተመለሰና ሁለት አነሣ። የዓርብ ናቸው፤ ገና አልጠነከሩም፤ የአንዱ ጠርዝ እጁ ላይ ረገፈ። እንደዚያው አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ መዝጊያ ሥር አስቀመጠና ድንኳኑን ለሚያስገቡት ሰዎች ከመንገድ ላይ ዞር አለ።